ለየትኛው ምግብ የትኛው ሳህን? የጃፓን ሳህኖችን ለመምረጥ የሚረዳ መመሪያ

ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ በምትባል ከተማ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የጃፓን ምግብ ሠርቼ ያቀረብኩት ለአከራዬ ለአሮጊቷ ነበር። ዳይኮን የሚባለውን ትልቅ ነጭ ፍጅል በዓሣ መረቅና ሾዩ በሚሉት የአኩሪ አተር ስጎ ቀቀልኩ፤ ካሉኝ ሳህኖች ሁሉ የምወደውን ሰፊ፣ ዝርግ፣ ነጭ ሳህን አውጥቼም ደረደርኩበት። ሦስት እርምጃ ሳልራመድ መረቁ ወደ ጠርዙ ሮጠ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው አውራ ጣቴ ርሶ ነበር። አሮጊቷ ምንም አላሉም። ተነሥተው ከቁም ሳጥናቸው መዳፍ የምታህል ጎድጓዳ ሳህን አመጡ፤ ሦስቱን የዳይኮን ቁራጮች አንዱን በሌላው ላይ ደገፍ አድርገው መሃል ላይ አቆሙና የተረፈውን መረቅ በጎን በኩል በቀስታ አፈሰሱበት። ምግቡ ያው ምግብ ነው። ነገር ግን እንፋሎቱ ተሰብስቦ ወጣ፣ መረቁ አብረቀረቀ፣ የመጨረሻውን ቁራጭ እስክንበላም አልቀዘቀዘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህን ከማንሣቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ምግብ ሳህን ላይ ካረፈ በኋላ ምን ያደርጋል? ይፈስሳል? ቶሎ ይቀዘቅዛል? ውኃ ያወጣል? ብዙ ሰው የሚጀምረው «የትኛው ሳህን ያምራል?» ብሎ ነው፤ የጃፓን ሳህን ግን ከውበቱ በፊት ሥራ አለው። እኛ ከአንድ ገበታ ቀርበን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ወጡን የሚይዘው፣ መረቁን የሚመጥጠው እንጀራው ነው። ጃፓን ውስጥ ይህንን ሥራ የሚሠራው ሸክላው ነው። ለአንድ ሰው አምስትና ስድስት ዕቃ የሚቀርበውም እያንዳንዱ ምግብ የየራሱ ጠባይ ስላለው ነው።

ደረጃ 1፦ ሳህን ከመግዛትዎ በፊት ምግቡን ይጻፉ

ወረቀት ይውሰዱና በሳምንት ውስጥ የሚሠሩትን ወይም ሊሠሩ ያሰቡትን የጃፓን ምግብ ሁሉ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ከሦስት ቃላት አንዱን ይጻፉ፦ ደረቅ፣ እርጥብ፣ መረቃም።

ደረቅ የሚባለው ተበልቶ ሲያልቅ ሳህኑ ላይ ምንም ፈሳሽ የማይተው ነው፤ በእሳት የተጠበሰ ዓሣ፣ ቴምፑራ የሚባለው በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ ምግብ፣ የተጠቀለለ እንቁላል። እርጥብ የሚባለው አንድ ሁለት ማንኪያ ፈሳሽ የሚተው ነው፤ ተቀቅሎ በሾዩ የተቀመመ ስፒናች፣ በኮምጣጤ የተለወሰ ኪያር፣ ሳሺሚ የሚባለው ጥሬ ዓሣ። መረቃም ደግሞ ግማሹ ፈሳሽ የሆነ ነው፤ እንደ ኒኩጃጋ ያለ የሥጋና ድንች ቅቅል፣ ሾርባ፣ መረቅ ውስጥ የሚቀርብ ኑድል።

ለደረቅ ዝርግ ሳህን፣ ለእርጥብ ጠርዙ ወደ ላይ ቀና ያለ ሳህን፣ ለመረቃም ጎድጓዳ። ዝርዝሩን ጨርሰው ሲቆጥሩ «እርጥብ» የሚለው ቃል ከጠበቁት በላይ በዝቶ ያገኙታል፤ መደርደሪያዎ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው ዝርግ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሳህን ብቻ የሚገዛ ሰው ምን ይግዛ ቢሉኝ፣ ስፋቱ 21፣ ጥልቀቱ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጠርዙ ቀና ያለ ክብ ሳህን እላለሁ። ቅቅሉንም፣ ጥብሱንም፣ ሰላጣውንም፣ ካሪውንም ይችላል።

ደረጃ 2፦ በሱን መለካት ይልመዱ

የጃፓን ሸክላ ሠሪዎችና ባለሱቆች የሳህን መጠን ሲናገሩ እስከ ዛሬ «ሱን» የሚባለውን የድሮ መለኪያ ይጠቀማሉ። 1 ሱን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሰሙትን ቁጥር በሦስት ማባዛት ብቻ ነው። 3 ሱን፣ ማለትም 9 ሴንቲ ሜትር፣ ለሾዩና ለጥቂት ቁራጭ አቻር መሰል ኮምጣጣ አትክልት ነው፤ እንዲህ ያሉትን ትናንሽ ሳህኖች «ማሜዛራ»፣ የባቄላ ሳህን፣ ይሏቸዋል። 5 ሱን ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከመሃል ከቀረበው ምግብ ለራስ የሚያወጡበት ነው። 7 ሱን፣ 21 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ ሰው ዋና ምግብ የሚቀርብበት ነው። ከ8 ሱን በላይ ያለው ወይ ሁሉንም ባንድ ላይ ለሚያቀርብ ምግብ ወይ መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በጋራ ለሚበላ ነው።

የጀማሪ ስሕተት ሁልጊዜ ትልቅ መግዛት ነው። እኛ የለመድነው የአውሮፓ ዓይነት የእራት ሳህን ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እሱ ከገባ ሩዙና ሾርባው የሚቀመጡበት ቦታ ያጣሉ። በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ፎቶግራፉን አይመኑ። ከጋዜጣ ላይ 9፣ 15 እና 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክቦች ቆርጠው በራስዎ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ የቡና ሲኒ አጠገባቸው አስቀምጠው ይመልከቱ። መጠኑ ወዲያው ይገባዎታል።

ደረጃ 3፦ በእጅ ከሚያዙት ይጀምሩ

ጃፓን ውስጥ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከጠረጴዛ የሚነሣና የማይነሣ። የዓሣ ሳህን ተቀምጦ ይቀራል። የሩዝና የሾርባ ጎድጓዳ ግን ወደ አፍ ቀርቦ ነው የሚበላበት፤ ማንሣቱም ነውር ሳይሆን ጨዋነት ነው። እጅ የሚይዘውን ዕቃ ደግሞ መምረጥ ያለበት እጅ ነው።

የሁለት እጆችዎን አውራ ጣቶች እርስ በርስ፣ የመሃል ጣቶችዎንም እርስ በርስ አገናኝተው ክብ ይሥሩ። በአዋቂ ሰው እጅ ይህ ክብ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 4 ሱን አካባቢ ይሆናል። የሩዝ ጎድጓዳዎ አፍ ከዚህ ክብ እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ይሁን። ከዚያ በአንድ እጅ ያንሡት፦ አውራ ጣት ጠርዙ ላይ፣ አራቱ ጣቶች ከሥር እግሩ ላይ። እግሩ፣ ማለትም ከታች ያለው የመቆሚያ ቀለበት፣ ጣት የሚያሳርፍ ቁመት ከሌለው ትኩስ ሩዝ ሲገባበት እጅዎን ያቃጥላል። ሱቅ ውስጥ ባዶውን ሲያነሡት ከበድ ያለ የመሰለዎት ጎድጓዳ ሩዝ ሲሞላ ይሰለችዎታልና ይተዉት።

የሩዝ ጎድጓዳ የግል ነው። በአንድ ቤት አባት የራሱ፣ እናት የራሷ፣ ልጅ የራሱ አለው፤ የመመገቢያ እንጨቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አንሥቶ አይበላበትም። ለባልና ለሚስት ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ ተለቅ አንዱ አነስ ብሎ የሚሸጥም አለ። እኔ ቤቱ በገባሁ በሁለተኛው ወር ገደማ አከራዬ ግራጫ መሬት ላይ ቡናማ መስመር የዞረበት ጎድጓዳ ገዝተው አመጡልኝና ከራሳቸው ጎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በፊት የምበላው በእንግዳ ዕቃ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በቃል ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ ጎድጓዳው ግን ዛሬም አብሮኝ ነው።

ሚሶ ከሚባለው የቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ ለሚሠራው ሾርባ ሸክላ አይምረጡ። ሾርባው የሚጠጣው ያለ ማንኪያ፣ ከጠርዙ በቀጥታ ነው፤ ስለዚህ ከንፈርን የማያቃጥልና በእጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የተመረጠው ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ የተቀባ የእንጨት ጎድጓዳ ነው። እንጨት ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ሾርባው ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ እጅ ግን ሞቅ ብቻ ይለዋል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በኢሺካዋ ክፍለ ሀገር በዋጂማ ከተማ የሚሠራው ነው፤ አንዱ ዕቃ ከመቶ በላይ የሥራ ደረጃ ያልፋል፤ ቶሎ የሚጎዳው ጠርዝም ከቀለሙ ሥር በጨርቅ ይጠናከራል። በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2024 የኖቶ ልሳነ ምድርን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ዋጂማን ክፉኛ ጎድቷል፤ ብዙ ሠሪዎችም ወርክሾፓቸውን አጥተዋል። አቅም ያለው ሰው ከዚያ አንድ ጎድጓዳ ቢገዛ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው። አቅም ለሌለው በፕላስቲክ መሰል ቁስ ተሠርቶ የተቀባ አለ፤ ለዕለት ሥራ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ምግብ በምግብ

የተቀቀለና መረቃም ምግብ። ከሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው፤ የቤት ውስጥ የጃፓን ምግብ ብዛቱ ቅቅል ነውና። «ኮባቺ» የሚሏት ትንሽ ጎድጓዳ፣ አፏ ከ11 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ለአንድ ሰው ትበቃለች። አፏ ጠበብ ሲል ሙቀቱ ይቆያል፤ ምግቡም ተደግፎ ከፍ ብሎ ይቆማል። ውስጧን ይመልከቱ፦ ወለሏ ክብ ሆኖ ወደ መሃል የሚወርድ ከሆነ መረቁ ይሰበሰባል፤ ወለሏ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን መረቁ ተሰራጭቶ ምግቡ ደረቅ ይመስላል። ሲያቀርቡ አይሙሉ። ከጎድጓዳው ስድስት ወይም ሰባት አስረኛውን ብቻ ይዘው የቀረውን ባዶ ይተዉት፤ ምግቡን መሃል ላይ እንደ ትንሽ ኮረብታ ያቁሙት። ባዶው ቦታ ንፉግነት አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ነው።

የተጠበሰ ዓሣ። መኸር ሲመጣ ሳንማ የሚባል ቀጭን፣ ብርማ ዓሣ ገበያውን ይሞላል። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ክብ ሳህን ላይ ጭራው ይወጣል፤ ለዚህ ነው ረጅምና ጠባብ አራት ማዕዘን ሳህን የተሠራው። ሲያስቀምጡ የዓሣው ራስ ወደ ግራ፣ ሆዱ ወደ ሚበላው ሰው ይሁን። የተፈቀፈቀ ዳይኮንና የሎሚ ቁራጭ ከፊት ለፊት በቀኝ በኩል ያርፋሉ፤ በቀኝ እጅ እንጨት ለሚይዝ ሰው ቅርብ የሚሆነው እዚያ ስለሆነ ነው። ዓሣው የሚቀርበው ተቆርጦ ከሆነ ያው ረጅም ሳህን ይሠራል፤ ግን በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ይተዉ።

ሳሺሚ። ጥሬ ዓሣ ቅዝቃዜና ንጽሕና መምሰል አለበት። ትንሽ ጥልቀት ያለው ሳህን ይምረጡ፤ ከሥሩ የሚደረገው በፀጉር ቅጥነት የተከተፈ ዳይኮን ውኃ ያወጣልና። ቁራጮቹን በዳይኮኑ ላይ አስደግፈው ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ያድርጓቸው። አራት አይደረግም፤ በጃፓንኛ «ሺ» ማለት አራትም ሞትም ነው። ሳህን በስብስብ ሲሸጥም ብዙውን ጊዜ አምስት የሚሆነው ጎደሎ ቁጥር ስለሚወደድ ነው። ሾዩው ለብቻው በ3 ሱን ሳህን ይቀርባል፤ ያቺ ሳህን ጠርዟ ቀና ያለ ካልሆነ ዓሣው ሲነከር ሾዩው ይደፋል።

ቴምፑራና ቶንካትሱ። ሁለቱም በዘይት የተጠበሱ ናቸው፤ ጠላታቸው ከራሳቸው የሚወጣው እንፋሎት ነው። በለሰለሰና በተዘጋ ሳህን ላይ እንፋሎቱ ታች ታፍኖ ሽፋኑን ያላላዋል። ለቴምፑራ ዝርግ ሳህን ላይ የታጠፈ ወረቀት ያንጥፉ ወይም የቀርከሃ ወንፊት ያድርጉ። ለቶንካትሱ፣ ማለትም በዳቦ ፍርፋሪ ለተጠበሰው የአሳማ ሥጋ፣ ብዙ ምግብ ቤቶች ሳህኑ ላይ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አድርገው ሥጋውን ከላይ ያሳርፋሉ። አብሮ የሚቀርበው ጎመን ግን ከኋላ ይከመር እንጂ ወንፊቱ ላይ አይውጣ።

ካሪ በሩዝ። ሞላላ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ ርዝመቱ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ። ጠርዙ ለምን ቀጥ እንደሚል በማንኪያ ሲበሉ ይገባዎታል፤ የመጨረሻውን ሩዝ ጠርዙ ላይ ገፍተው ነው የሚያነሡት።

ኑድልና ዶንቡሪ። ሩዝ ላይ ሥጋ ወይም እንቁላል ለሚደረግበት ዶንቡሪ አፉ 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥልቅ ጎድጓዳ፣ ኡዶን ለሚባለው ወፍራም ኑድል ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ራመን ለሚባለው የኑድል ሾርባ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሶባ የሚባለው ቀጭን ኑድል ቀዝቅዞ ሲሆን ውኃው እንዲጠፈጠፍ በቀርከሃ ወንፊት ይቀርባል፤ መንከሪያው «ሶባ ቾኮ» የምትባል እጀታ የሌላት ትንሽ ስኒ ናት። ይህቺን ስኒ ሁለት ሦስት ይግዙ። ሻይ ይጠጡባታል፣ ኮምጣጣ አትክልት ያቀርቡባታል፣ የእንቁላል ካስተርድ ያበስሉባታል፤ እኔ ለውዝና ቆሎም አቅርቤባታለሁ።

ደረጃ 5፦ ፖርሴሊን ወይስ ሸክላ?

ይህንን ለመረዳት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የቡና ሲኒያችንንና ጀበናችንን ጎን ለጎን ያስቡ። ሲኒው ፖርሴሊን ነው፦ ነጭ፣ ቀጭን፣ ቡና የማይመጥጥ። ጀበናው ሸክላ ነው፦ ወፍራም፣ መሬት መሬት የሚል፣ ሙቀት የሚያቆይ፣ የገባበትን ጣዕም የሚጠጣ። የጃፓን ሳህኖችም የሚከፈሉት እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ መስታወት መሰል ልባጥ ተቀብቶ መተኮሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ ለመለየት ሳህኑን በጣትዎ ጫፍ ላይ አድርገው በጥፍርዎ ይቆርቁሩት። ፖርሴሊን እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ሸክላ ድፍን ድምፅ አለው። ገልብጠውም እግሩን ይዩ፤ ልባጥ ያልነካው ቦታ ነጭና ልስልስ ከሆነ ፖርሴሊን፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ሻካራ ከሆነ ሸክላ ነው። እግሩን በመዳፍዎ ዳሰስ ያድርጉት፤ ከቧጠጠዎት ጠረጴዛዎንም ይቧጥጣል፤ ቤት ሲወስዱት በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል።

ዘይት ለበዛበት፣ ለጥሬ ዓሣ፣ ለኮምጣጤና ለካሪ ፖርሴሊን ይውሰዱ፤ ቀለምም ሽታም አይዝም። ለቅቅል፣ ለሥራሥርና ለቅጠላ ቅጠል፣ ለትኩስ ሩዝ ሸክላ ይስማማል። የጃፓን ፖርሴሊን መነሻ ከፉኩኦካ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምትርቀው አሪታ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጃፓን ኮሪያን በወረረችበት ጊዜ የተወሰዱ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ዪ ሳም-ፕዮንግ በ1616 አካባቢ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ድንጋይ ኢዙሚያማ በሚባል ተራራ እንዳገኘ ይነገራል። ዕቃው የሚጫነው ከኢማሪ ወደብ ስለነበር በዓለም ገበያ «ኢማሪ» ተብሎ ቀረ። በየዓመቱ ከሚያዝያ 29 እስከ ግንቦት 5 በፈረንጆች አቆጣጠር አሪታ ትልቅ የሸክላ ገበያ ይቆማል፤ መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በሳህን ተሞልቶ አይቻለሁ። ጠዋት ማለዳ የሄደ ትንሽ እንከን ያለበትን በርካሽ ያገኛል።

ከሸክላዎቹ ልቤ የሚያደላው ለኮይሺዋራ ነው፤ ያው ፉኩኦካ ክፍለ ሀገር ተራራ ላይ ያለ መንደር ነው። ግማሽ የደረቀው ሳህን በመንኮራኩር ላይ ሲዞር ሠሪው የሚተጣጠፍ ብረት ጫፉን ብቻ ያስነካዋል፤ ብረቱ እየዘለለ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጭረቶች ክብ ሠርተው ይቀራሉ። ያንን ሳህን ለተቀቀለ ዱባ ወይም ለድንች ቢጠቀሙበት መረቁ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይጠቁራል። ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ታዋቂው ሸክላ ሠሪ ሃማዳ ሾጂ የኖረባትና የሠራባት ማሺኮ አለች፤ ወፍራምና የዋህ ሸክላዋ የገበሬ ምግብ ይወዳል። በጊፉ ክፍለ ሀገር ያለው የሚኖ አገር ኦሪቤ የሚባለውን አረንጓዴ ልባጥ ይሰጥዎታል፤ የመዳብ አረንጓዴው ለተጠበሰ ዓሣና ለነጭ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው። የሃጊ ከተማ ሸክላ ደግሞ ለሻይ ይሁን፤ ልባጡ ላይ ባሉት ረቂቅ ስንጥቆች ሻይ እየገባ በዓመታት ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ጃፓኖች «የሃጊ ሰባት ለውጥ» ይሉታል። ቢዜን የሚባለው ሸክላ ምንም ልባጥ የለውም። ምግብ ከማቅረብዎ በፊት ውኃ ውስጥ ነከር ያድርጉት፤ ቡናማው ጥቁር ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ሳሺሚ ሲያርፍበት ከወንዝ ድንጋይ ላይ የተነሣ ይመስላል።

ደረጃ 6፦ ቀለም

አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ሰማያዊ ምግብ የለም ለማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ነጭ ላይ በኮባልት ሰማያዊ የተሣለ ሳህን ለማንኛውም ምግብ የሚሆነው፤ ከምግቡ ቀለም ጋር አይጋጭም፣ አይደበቅምም። ምርጫው የጨነቀው ሰው ከዚህ ይጀምር። ነጭ ዓሣና ቶፉ የሚባለው አይብ መሰል የአኩሪ አተር ምግብ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ላይ፣ ቀይ ቱና ነጭ ወይም ሰማያዊ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቡናማ ቅቅል በቡናማ ሳህን ላይ ካቀረቡ ግን አንድ አረንጓዴ ቅጠል ይጨምሩበት፤ ካለዚያ ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ሥዕል የበዛበት ሳህን ለምግብ አስቸጋሪ ነው፤ መሃሉ ባዶ፣ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ የሆነውን ያስቀድሙ። ከዚህ የተለየው ፉጉ የሚባለው መርዛማ ዓሣ ነው። ፈቃድ ያለው አብሳይ እንደ ወረቀት አሳስቶ ይቆርጠውና በትልቅ የተሣለ ሳህን ላይ እንደ አበባ ይዘረጋዋል፤ ሥዕሉ በሥጋው ውስጥ አልፎ ይታያል፤ ያ ደግሞ የቢላዋውን ጥበብ የሚመሰክር ነው።

ወቅትም አለ። በበጋ ሙቀት መስታወትና ስስ ፖርሴሊን፣ በክረምት ወፍራም ሸክላ ይወጣል። የቼሪ አበባ የተሣለበት ሳህን በመኸር ቢቀርብ ጃፓናዊ እንግዳ ምንም አይልዎትም፤ ነገር ግን ልብ ይለዋል።

ደረጃ 7፦ አብረው ያስቀምጧቸው

የጃፓን የዕለት ማዕድ መሠረቱ «ኢቺጁ ሳንሳይ»፣ አንድ ሾርባና ሦስት ምግብ ነው፤ ሩዝ ሳይቆጠር። አቀማመጡ የተወሰነ ነው። ሩዝ ከፊት በግራ፣ ሾርባ ከፊት በቀኝ፣ ዋናው ምግብ ከኋላ በቀኝ፣ ሁለተኛው ከኋላ በግራ፣ ትንሹ መሃል። እንጨቶቹ ከሁሉ ፊት፣ ጫፋቸው ወደ ግራ ዞሮ ይተኛሉ። ሩዝና ሾርባ ከተለዋወጡ ለሙታን የሚቀርብ ማዕድ ያስመስላልና ይጠንቀቁ።

ሁሉንም ከአንድ ዓይነት ሳህን አያድርጉት። አከራዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሁለት በላይ የሚመሳሰል ሳህን አልነበረም፤ ጠረጴዛቸው ግን ሁልጊዜ ያምር ነበር። ምሥጢሩን ስጠይቃቸው ሳህኖቹን አንሥተው ከጎን አሳዩኝ፦ አንዱ ዝርግ፣ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ከፍ ባለ እግር የቆመ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመርጣሉ። እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት ዝቅ ብለው በዓይንዎ ቁመት ይመልከቱ። ሥዕል ያለበት አንድ ከሆነ አጠገቡ ሁለት ያልተሣለ ያድርጉ። ክብ ምግብ ማዕዘን ባለው ሳህን፣ ማዕዘን ያለው ምግብ በክብ ላይ ሲቀርብ ሁለቱም ይታያሉ። ሳህኑ ሦስት እግር ካለው አንዱ እግር ወደ ሚበላው ሰው ይዙር።

ደረጃ 8፦ ከመጠቀምዎ በፊት ያሟሹት

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ የጃፓን ሸክላም ይሟሻል። ስሙ «ሜዶሜ» ነው፤ ዓይኑን መድፈን ማለት ነው። አሠራሩ ይህ ነው። ሩዝ ያጠቡበትን ነጭ ውኃ አይድፉት። ሸክላውን በትልቅ ድስት ውስጥ አስገብተው በዚያ ውኃ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ሆነው ይጀምሩ። በዝግታ ያሙቁት፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው እዚያው ውኃ ውስጥ እስኪበርድ ይተዉት፤ ትኩሱን አውጥተው ቀዝቃዛ ውኃ ካስነኩት ይሰነጠቃል። ሲበርድ አጥበው በደንብ ያድርቁት። የሩዙ ስታርች በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ስለሚደፍናቸው ሾዩና ዘይት ጠልቆ አይገባም። ፖርሴሊን ይህ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላም ሸክላውን ምግብ ከማሳረፍዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ውኃ ውስጥ አቆይተው ላዩን ጠረግ ያድርጉት። ውኃ የጠጣ ሸክላ ዘይት አይጠጣም። ኡሩሺ የተቀባ እንጨት ማይክሮዌቭ ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥና ፀሐይ ላይ አይግባ፤ ወርቅ ወይም ብር የተቀባበት ሳህንም ማይክሮዌቭ አይነካውም። ጠርዙ የተሸረፈ ተወዳጅ ሳህን ካለዎት አይጣሉት፤ በኡሩሺ ተጣብቆ ስብራቱ በወርቅ ዱቄት የሚሸፈንበት «ኪንትሱጊ» የሚባል ጥገና አለ። ሥራው ኡሩሺው እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስዳል።

ሲያጠቡ ቅቅሉን ሌሊቱን ሳህኑ ላይ አያሳድሩ፤ ወዲያው በለስላሳ ስፖንጅ ይጠቡ። ካጠቡ በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው እግሩን ወደ ላይ ይተዉት፤ ልባጥ የሌለው እግሩ ስለሆነ መጨረሻ የሚደርቀውም እሱ ነው። ጠዋት ወደ ቁም ሳጥን ከመመለስዎ በፊት ጣትዎን እግሩ ላይ ያሳርፉ። ቀዝቀዝ ካለዎት ገና ውስጡ ውኃ አለ፤ እርጥቡን ከደረደሩት ይሻግታልና እስከ ማታ እንዲሁ ይቆይ።